ከጀርባው ማን አለ? የሚጢሊኒ ክርክር እንደ ጉዳይ ጥናት

ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን ያወጣል። «ትናንት የወሰንነው ልክ አይመስለኝም፤ እንደገና እንየው» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ስለ ውሳኔው አይሆንም። «አንተን ደግሞ ማን ልኮህ ነው?» ይሆናል። ትንሽ ጨዋ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ «ከጀርባህ ማን አለ?»

ይህን ጥያቄ የሰማሁባቸውን ስብሰባዎች ብቆጥር አልጨርሳቸውም። ጠይቄም አውቃለሁ፤ አልዋሽም። የሚገርመኝ የጥያቄው ጉልበት ነው። ሰውዬው የተናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። እኛ ግን ጉዳዩን ትተን ስለ ሰውዬው ደመደምን። በየት በኩል ዞረን እዚያ ደረስን?

ይህን ለማየት የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ባመጣ፣ አንባቢው ገና ስም ሲያይ ወገን ይለያል። ከዚያ በኋላ ሎጂክ የለም። ስለዚህ ማናችንም ወገን ወደሌለን ዘመን ልራቅ። ጉዳዩ የሚጢሊኒ ክርክር ይባላል። ቦታው አቴና፣ ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 427 ዓመት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ ከልደቱ በፊት ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ እኛ እየቀረብን ነው።

ነገሩ እንዴት መጣ

አቴና ያኔ ከስፓርታ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ጦርነቱ አራት ዓመት ሆኖታል። በመሃል ወረርሽኝ ገብቶ ከተማዋን አራቁቷታል። ታላቁ መሪዋ ፔሪክልስም በ429 ሞቷል። በዙሪያዋ ያሉ ብዙ ደሴቶችና የባሕር ዳር ከተሞች ይገብሩላታል። ሌስቦስ ደሴት ላይ ያለችው ሚጢሊኒ ግን ለየት ትላለች። ግብር አትከፍልም፤ የራሷ የጦር መርከቦችም አሏት። ቢያንስ በስም፣ አጋር እንጂ ተገዢ አይደለችም።

በ428 አመፀች። ደሴቱን በእጇ ጠቅልላ ከአቴና ልትላቀቅ ፈለገች። ከደሴቱ ከተሞች ሜቲምና ብቻ ከአቴና ጎን ቀረች። አቴና ፓኬስ የሚባል አዛዥ ከ1,000 ከባድ እግረኛ ጋር ላከች፤ እሱም ሚጢሊኒን ዙሪያዋን በግንብ አጠራት። ስፓርታ «መርከብ እልክላችኋለሁ» ብላ ነበር። ወደ 40 የሚሆኑት መርከቦቿ ግን መንገድ ላይ ሲንቀረፈፉ ጊዜው አለፈ።

ቀጥሎ የሆነውን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ በኋላ ብዙ ነገር እሱ ላይ ይንጠለጠላል። ከተማዋ ውስጥ እህል አለቀ። ሳላይቶስ የሚባል ስፓርታዊ ቀደም ብሎ ሾልኮ ገብቶ ነበር። መርከቦቹ እንደማይደርሱ ሲገባው፣ ወጥተን እንግጠም ብሎ ለተራው ሕዝብ ከባድ የጦር መሣሪያ አደለ። ሕዝቡ እስከዚያ ቀን እንዲህ ዓይነት መሣሪያ በእጁ አልነበረም። መሣሪያውን እንደያዘ ግን «አንታዘዝም» አለ። «ባለሥልጣኖቹ የያዙትን እህል ያውጡና ለሁሉም ያከፋፍሉ። እምቢ ካሉ እኛው ከአቴናውያን ጋር ተስማምተን ከተማዋን እናስረክባለን» አለ።

ገዢዎቹ ደነገጡ። ሕዝቡ ብቻውን ከተዋዋለ እነሱ ከውሉ ውጪ ሊቀሩ ነው። ስለዚህ ተሽቀዳድመው ከሕዝቡ ጋር አብረው እጃቸውን ሰጡ። በውሉ መሠረት የሚጢሊኒን ዕጣ የአቴና ሕዝብ ይወስናል፤ እስከዚያ ፓኬስ ማንንም አያስርም፣ ለባርነት አይሸጥም፣ አይገድልም።

ፓኬስ ሳላይቶስንና የአመፁ ጠንሳሾች ናቸው ያላቸውን ሰዎች ወደ አቴና ላከ። አቴናውያን ሳላይቶስን ወዲያው ገደሉት። ከዚያም በንዴት እንደጦፉ ወሰኑ። ለአካለ መጠን የደረሰ የሚጢሊኒ ወንድ ሁሉ ይገደል፤ ሴቶችና ሕፃናት ለባርነት ይሸጡ። አንዲት የጦር መርከብ ትእዛዙን ይዛ በዚያው ቀን ወጣች።

በማግስቱ ሰዉ በረድ አለ። የአመፁን መሪዎች መቅጣት አንድ ነገር ነው፤ ከተማ ሙሉ ሰው መጨረስ ግን ሌላ ነገር መሆኑ ታየው። አቴና የነበሩት የሚጢሊኒ መልእክተኞች ይህን ለውጥ አይተው ሹማምንቱን አሳመኑ። ጉዳዩ እንደገና ሸንጎ ፊት ቀረበ። ብዙ ሰው ተናግሯል። ወደ እኛ የደረሰው ግን የሁለት ሰዎች ንግግር ነው፦ የክሌዎንና የዲዮዶቶስ።

ስለ ምንጩ አንድ ነገር ልበል። ይህን ሁሉ የምናውቀው በዚያው ዘመን ከነበረው የአቴና ታሪክ ጸሐፊ ከቱኪዲደስ ነው። እሱ ራሱ ንግግሮችን ቃል በቃል እንዳልጻፈ ነግሮናል። ከተነገረው ጠቅላላ ሐሳብ ሳይርቅ፣ ለሁኔታው ተገቢ የመሰለውን ነው የጻፈው። ክሌዎንንም አይወደውም። «ከዜጎቹ ሁሉ ኃይለኛው» ብሎ ነው የሚያስተዋውቀን፤ በሕዝቡ ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ተሰሚ እንደነበረ ግን አልደበቀም። ስለዚህ «ክሌዎን እንዲህ አለ» ስል «እንዲህ አለ ተብሎ ተጽፏል» ማለቴ ነው፤ አማርኛውም የእኔው ነው። ለዛሬ ሥራችን ይህ አያስቸግርም። የምንፈትሸው አንዱ አረፍተ ነገር ከሌላው ይከተላል ወይስ አይከተልም የሚለውን ነው። ለዚህ ደግሞ የተናጋሪውን ልብ ማወቅ አያስፈልግም።

ክሌዎን ምን አለ፣ ምንስ ይከተላል?

ክሌዎን የጀመረው በስድብ ነው ቢባል ይቀላል። ዴሞክራሲ ሌላውን መግዛት እንደማይችል ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ፣ ይልቁንም ዛሬ አየሁ አለ። ግዛታችሁ የግፍ አገዛዝ መሆኑን ረስታችኋል፤ የሚታዘዙላችሁ ስለምትበልጧቸው እንጂ ስለሚወዷችሁ አይደለም አለ። ቀጠለና፣ የማይነቃነቅ መጥፎ ሕግ ያላት ከተማ፣ ጥሩ ሆኖ የማይጸና ሕግ ካላት ትሻላለች አለ። ሊደመድም የፈለገው ግልጽ ነው፦ የትናንቱ ውሳኔ አይነካ።

ይህን የመጨረሻውን እንፈትሸው። ሕግ አይነዋወጥ የሚለው ጥሩ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ግን ትናንት የወጣው ሕግ ነው? በአንዲት ከተማ ላይ በአንድ ቀን ንዴት የተላለፈ ውሳኔ ነው። ይህን እንለፈው። ሌላ ቀላል ፈተና አለ። ሸንጎው ትናንት «ለሁሉም ምሕረት ይደረግላቸው» ብሎ ወስኖ ቢሆን ኖሮስ? የክሌዎን መነሻ ያኔም እኩል ይሠራል፤ «የተወሰነ አይነካ፣ ምሕረት ይደረግላቸው» ያሰኛል። እንግዲህ መነሻው ለመግደልም ለምሕረትም እኩል የሚያገለግል ከሆነ፣ ስለ ሚጢሊኒ የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን ማን ቀድሞ እንደወሰነ ብቻ ነው። እኔ ይህን ፈተና በጣም እወደዋለሁ። የአለቃን ንግግር ስሰማ ውሳኔውን በሐሳቤ እገለብጠውና ምክንያቱ አብሮ ይገለበጥ እንደሆነ አያለሁ። ሳይገለበጥ ከቆመ፣ ምክንያቱ ለውሳኔው የተሰፋ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ክሌዎን ጉዳዩ እንደገና ይታይ ስለሚል ሰው ሁለት አማራጭ ብቻ ሰጠ። ወይ በአንደበቱ ተመክቶ ሁሉ ያመነበትን ነገር ሐሰት ነው ሊል የተነሣ ነው፤ ወይ ገንዘብ በልቶ ሊያሳስታችሁ የመጣ ነው።

«ወይ… ወይ» የሚል አረፍተ ነገር ብርቱ መሣሪያ ነው። ዝርዝሩ ሙሉ ከሆነ አንዱን ስታስወግድ ሌላው እውነት መሆኑ ግድ ነው። ዝርዝሩ ሙሉ ካልሆነ ግን ወጥመድ ነው። እዚህ ምን ጎደለ? «ውሳኔው ስህተት ስለሆነ ይታይ የሚል ሰው» ጎደለ። ክሌዎን ይህን ሦስተኛ ሰው እንዴት አጠፋው? «ሁሉ ያመነበት ነገር» በምትለዋ ሐረግ ነው። ውሳኔው ትክክል መሆኑ አስቀድሞ ተይዟል። ትክክል ከሆነ ደግሞ የሚቃወመው ሰው ወይ ጉራ አለበት ወይ ጉቦ። ግን እኮ ውሳኔው ትክክል ነው ወይ የሚለው ነው ሸንጎውን የሰበሰበው! ሊረጋገጥ የሚገባው ነገር ማረጋገጫ ሆኖ ገባ።

ከዚህ የከፋ ነገርም አለው። ይህ አባባል በምንም ማስረጃ አይሸነፍም። ተቃዋሚው ደካማ ክርክር ካመጣ፣ «አያችሁ፣ ምንም የለውም» ይባላል። ጠንካራ ካመጣ፣ «አያችሁ፣ አንደበቱን! ስንት ቢከፈለው ነው?» ይባላል። ክርክሩ በጠነከረ ቁጥር ጥርጣሬው ይጠነክራል። የትኛውም ውጤት የሚያጸድቀው አባባል ደግሞ ስለ ሰውዬው አንዳች አልነገረንም። እኛ ስብሰባ ላይ «ከጀርባህ ማን አለ?» የምንለውም ይኸው ነው፤ አጠር ብሎ ነው እንጂ።

አንድ አረፍተ ነገር ግን እኔንም ጥሎኛል። ክሌዎን እንዲህ ይላል፦ እነሱ ማመፃቸው ልክ ከሆነ፣ እናንተ መግዛታችሁ ልክ አይደለም። መጀመሪያ ሳነበው «ያዝኩህ!» አልኩ። ቀደም ብሎ «ግዛታችሁ የግፍ አገዛዝ ነው» ብሏላ። ታዲያ አገዛዙ ልክ ካልሆነ አመፁ ልክ ነው፤ በራሱ አፍ መሰከረ። ደስ ብሎኝ ጻፍኩት። በኋላ ተመልሼ ሳየው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ለምን? እሱ ያለው «አመፁ ልክ ከሆነ፣ አገዛዙ ልክ አይደለም» ነው። እኔ ያነበብኩት «አገዛዙ ልክ ካልሆነ፣ አመፁ ልክ ነው» ብዬ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ዝናብ ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል» ማለት «መሬቱ ከረጠበ ዝናብ ዘንቧል» ማለት አይደለም፤ ውሃ የደፋ ሰው ሊኖር ይችላል። አገዛዙ ግፍ ሆኖ፣ አመፁም በሌላ ምክንያት ጥፋት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ የሚጢሊኒ ገዢዎች ግፍ ሊያቆሙ ሳይሆን ደሴቱን ራሳቸው ሊጠቀልሉ ተነሥተው ቢሆንስ? ከክሌዎን አረፍተ ነገር በሎጂክ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አገዛዛችን ልክ ነው ካልን፣ አመፃቸው ልክ አይደለም ማለት አለብን። ሰውን የማንወደው ከሆነ ካላለው ነገር እየደመደምን እንከሰዋለን። እኔ ከ2,400 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ላይ ነው ያደረግኩት!

ደግሞ ክሌዎን በዚያ አረፍተ ነገር ላይ አልቆመም። ተገቢም ባይሆን ልትገዙ ቆርጣችሁ ከሆነ፣ ተገቢም ባይሆን መቅጣት አለባችሁ፤ አለበለዚያ ግዛታችሁን ትታችሁ ያለ አደጋ ደግ ሰው ሁኑ አለ። ቅጥ ያለው ንግግር ነው፤ አድማጩ እንደሚያጨበጭብለት ያስታውቃል። ግን ሰንሰለቱ መሃል ላይ ተበጥሷል። ከ«መግዛት» ተነሥቶ «መቅጣት» ላይ ደረሰ እንበል፤ ይሁንለት። ከ«መቅጣት» ተነሥቶ «ወንዱን ሁሉ መግደል» ላይ ያደረሰው ምንድን ነው? በመሃል ያሉትን ቅጣቶች ሁሉ ማን አነሣቸው? ሌላ «ወይ… ወይ» ነው፤ ወይ እልቂት ወይ ግዛት መተው።

የቀረው «ሁሉም» የምትለዋ ቃል ናት። ጥፋቱን በጥቂቶቹ ላይ ጥላችሁ ሕዝቡን አታድኑ አለ ክሌዎን። ሁሉም በአንድነት ተነሥተውባችኋል፤ ወደ እኛ መዞር ይችሉ ነበር፤ ከጥቂቶቹ ጋር መቆምን መረጡ።

«ሁሉም» የሚል አረፍተ ነገርን ለመጣል አንድ ተቃራኒ ማስረጃ ይበቃል። እዚህ ያለው ደግሞ አንድ ሰው አይደለም፤ መሣሪያ በእጁ የገባ ዕለት «አንታዘዝም» ያለ ሕዝብ ነው። ክሌዎን «ይችሉ ነበር» ያለው በባዶ እጅ ለነበረ ሰው ነው። ዝም ማለታቸውን እንደ መስማማት ቆጠረው። የዝምታ ምክንያቱ ግን ብዙ ነው፦ መስማማት፣ ፍርሃት፣ ረሃብ፣ መሣሪያ ማጣት። ከዝምታ ወደ መስማማት ለመድረስ ሌሎቹን አንድ በአንድ ማስወገድ ያስፈልጋል። በሚጢሊኒ ደግሞ ዕድል ሆኖ ከምክንያቶቹ አንዱ ብቻ ተነሣ። መሣሪያ ተሰጣቸው። ዝምታውም በዚያው ቀን አለቀ። ለዚህ የሚሆን ፈተና በታሪክ ውስጥ እንዲህ ጥርት ብሎ ሲገኝ አላየሁም።

ዲዮዶቶስ

ዲዮዶቶስ የኤውክራቴስ ልጅ ነው። ትናንትም ግድያውን የተቃወመው እሱ ነበር። ከዚህ ክርክር ውጪ በታሪክ ስሙ አይነሣም።

መልካም ምክርን የሚያጠፉ ሁለት ነገሮች ችኮላና ንዴት ናቸው ብሎ ጀመረ። ከዚያ እሱም ተሰናከለ። ንግግር የሥራ አስተማሪ አይደለም የሚል ሰው ወይ ጅል ነው ወይ የግል ጥቅም አለው አለ። ቅርጹን አያችሁት? ያው የክሌዎን ወጥመድ ነው፤ የተጠመደበት ሰው ብቻ ተለወጠ። ደግ ሰው የተናገረው ስለሆነ ልናልፈው አንችልም። ስለ ንግግር አደጋ የሚጨነቅ ሰው ጅልም ጥቅመኛም ሳይሆን፣ በንግግር ብዙ ጊዜ የተታለለ ሰው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። የክሌዎንን ማንነት ትቶ፣ «ጉቦ በልቷል» የሚባልባት ከተማ ምን እንደምትሆን አሰላ። ተናጋሪው ጉቦኛ ተብሎ ከተከሰሰ በኋላ ቢያሸንፍ ይጠረጠራል። ቢሸነፍ ደግሞ ሞኝም ሌባም ይባላል። ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ያስፈራል። የሚፈራ ሰው አይመክርም። መካሪ ያጣች ከተማ ትጎዳለች። እያንዳንዱን ቀለበት ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ይዟል። እዚህ ክርክር ውስጥ ዲዮዶቶስ ቅን ነው ወይስ አይደለም የሚለው ቦታ የለውም። እሱ ራሱ ገንዘብ የበላ ቢሆን እንኳ ሰንሰለቱ አይበጠስም።

ከዚሁ ላይ አንድ ጉድ ጨመረ። በእንዲህ ዓይነት ከተማ ክፉ መካሪ ሕዝቡን አታሎ እንደሚያሳምን ሁሉ፣ መልካም መካሪም ለመታመን መዋሸት ግድ ይሆንበታል አለ። ይህን ብሎ ሲያበቃ፣ እኔ የምናገረው ስለ ርኅራኄም ስለ ፍትሕም ሳይሆን ስለ ጥቅማችሁ ብቻ ነው አለ። እሺ፣ የመጀመሪያውን ካመንነው ሁለተኛውን ምን እናድርገው? ልቡ በርኅራኄ ተሞልቶ፣ ርኅራኄ የሚለው ቃል እንደማያሳምን ስላወቀ ይሆን «ጥቅም» ያለው? ከንግግሩ ይህን መደምደም አንችልም። ሊሆን እንደሚችል ግን ራሱ ነግሮናል። ብዙ ሊቃውንት እዚህ ጋ ቆመው ራሳቸውን ያካሉ። እኔም።

በጥፋትና በቅጣት መካከል ያለውን ገመድም በጠሰው። በደለኞች መሆናቸውን ባረጋግጥ እንኳ፣ ካልጠቀመን ግደሏቸው አልልም አለ። ክሌዎን «አጥፍተዋል» ብሎ ቀጥታ «ይሙቱ» ጋ ደርሶ ነበር። ዲዮዶቶስ በመሃል የጎደለውን መነሻ አሳየ።

ጨካኝ ቅጣት ሌላውን ያስፈራል ለሚለው ሁለት መልስ ሰጠ። አንደኛው ደካማ ነው። ሰው ሁሉ ያጠፋል፤ ቅጣት እየከበደ እየከበደ ሄዶ ሞት ደረሰ፤ ጥፋት ግን አልቀረም አለ። ከዚህ የሚከተለው ቅጣት ሁሉንም ሰው አያስቆምም የሚለው ብቻ ነው። ማንንም አያስቆምም የሚለው አይከተልም። ያልተፈጸመ ጥፋት አይቆጠርምና።

ሁለተኛው ግን ብረት ነው። ዛሬ ያመፀች ከተማ እንደማታሸንፍ ስታውቅ፣ ካሳና ግብር መክፈል በምትችልበት ሰዓት እጇን ትሰጣለች። ቶሎ እጅ የሰጠም እስከ መጨረሻ የተዋጋም እኩል የሚታረድ ከሆነ ግን፣ ማን ቶሎ ይሰጣል? ሁሉም ተዘጋጅቶ ያምፃል፣ እስከ መጨረሻው ይዋጋል። እኛ ለከበባው እንከፍላለን፤ በመጨረሻ የምንረከበውም ግብር የማይወጣበት ፍርስራሽ ነው። የክሌዎን መነሻ ራሱ፣ ማለትም ሌሎች ከተሞች ያያሉ የሚለው፣ ተገልብጦ ለዲዮዶቶስ ሠራ። ካዩ፣ እጅ መስጠት ትርፍ እንደሌለውም ያያሉ።

ስለ ሚጢሊኒ ሕዝብም ይህንኑ አለ። መሣሪያ ሲያገኝ ከተማዋን ያስረከባችሁን ሕዝብ ከገደላችሁ፣ በሚቀጥለው አመፅ የየከተማው ሕዝብ ከገዢዎቹ ጋር ይቆማል፤ ጥፋተኛም ጥፋት የሌለውም አንድ ዕጣ እንዳለው እናንተው አስተምራችሁታልና። በየከተማው ሕዝቡ ወዳጃችሁ ነው ማለቱ ግን ራሱ ሌላ «ሁሉም» ነው። ክሌዎን «ማንም አይወዳችሁም» አለ፤ ዲዮዶቶስ «ሕዝቡ በየቦታው ይወዳችኋል» አለ። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሁለቱም አብረው ሐሰት ሊሆኑ ግን ይችላሉ። ዲዮዶቶስ ይህን ያወቀ ይመስላል። ሕዝቡ በድሎ ቢሆን እንኳ እንዳልበደለ አስመስላችሁ እለፉት አለ። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ክርክሩን ከፍቅሩ ፈታው፤ ሕዝቡ ቢወዳቸውም ባይወዳቸውም ይሠራል።

ሁለተኛዋ መርከብ

ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነበር። ሊተካከል ምንም አልቀረውም። ዲዮዶቶስ አሸነፈ።

ሸንጎው በሚሰበሰብበት ኮረብታ ላይ ከነበረው ሰው ብዙው ትናንት «ይሙቱ» ብሎ እጁን ያወጣ ነው። በአንድ ሌሊት ሐሳቡን የለወጠ ሰው በክሌዎን ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም፤ አንደበተኛም አይደለም፣ ጉቦም አልበላ። ሸንጎው ግን በእንዲህ ዓይነት ሰው ተሞልቶ ነበር።

ችግሩ የመጀመሪያዋ መርከብ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ቀድማለች። ሁለተኛዋ በጥድፊያ ተላከች። ከአቴና ሚጢሊኒ በባሕር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚጢሊኒ መልእክተኞች ለቀዛፊዎቹ ወይንና ገብስ አቀረቡ፤ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ብዙ እንሸልማችኋለን አሏቸው። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያውን ሳይለቁ፣ በወይንና በዘይት የታሸ የገብስ ዱቄት እየጎረሱ ሄዱ። በየተራ ተኙ፣ በየተራ ቀዘፉ። ነፋስም አልተጋፋቸውም። የፊተኛዋ መርከብ ደግሞ የተላከችበት ነገር ስለሚከብድ አልቸኮለችም። እንዲያም ሆኖ ቀድማ ደረሰች። ፓኬስ ትእዛዙን አንብቦ ሊያስፈጽም ሲሰናዳ ሁለተኛዋ ወደቡ ገባች።

ከዚህ ተነሥቶ «አቴና መሐሪ ሆነች» የሚል ካለ ይታገሥ። ዲዮዶቶስ ያቀረበው ሐሳብ ፓኬስ የላካቸው ሰዎች በእርጋታ ይዳኙ፣ የቀሩት ይኑሩ የሚል ነበር። የተላኩት በክሌዎን ሐሳብ አቅራቢነት ተገደሉ። ቱኪዲደስ ቁጥራቸው ከ1,000 ጥቂት ይበልጣል ይላል፤ በቅጂ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ነው ብለው የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። የሚጢሊኒ ግንብ ፈረሰ፤ መርከቦቿ ተወሰዱ። ከሜቲምና በቀር የደሴቱ መሬት 3,000 ቦታ ተከፈለ። 300ው ለአማልክት ተለየ፤ የቀረው ለአቴናውያን በዕጣ ደረሰ። የሌስቦስ ሰው የገዛ መሬቱን እያረሰ ኪራይ ከፋይ ሆነ።

የዲዮዶቶስ መነሻም ቢሆን ከድሉ በኋላ በሸንጎው ቀረ። «ካልጠቀመን አንግደል» የሚለው አረፍተ ነገር «ከጠቀመን እንግደል» ማለት አይደለም፤ የዝናቡን ምሳሌ አስታውሱ። ግን ፍትሕን ከጨዋታው አስወጥቶ ጥቅምን ብቻ የተወ ክርክር ሁለተኛውን አረፍተ ነገር የሚከለክልበት ነገር የለውም። በ416 አቴናውያን ሜሎስ የምትባል ደሴት ያዙ። ለአካለ መጠን የደረሱትን ወንዶች ገደሉ፤ ሴቶችንና ሕፃናትን ለባርነት ሸጡ። ሁለተኛ መርከብ አልተላከም።

ክሌዎን በ422 አምፊፖሊስ ላይ በጦርነት ሞተ። ዲዮዶቶስ ወርዶ ከሰዉ ተቀላቀለ፤ ከዚያ በኋላ አናየውም። የሚጢሊኒ መልእክተኞች ለቀዛፊዎቹ ወይንና ገብስ ማቅረባቸው ተጽፏል። ለዲዮዶቶስ አንዳች ስለመስጠታቸው ግን የተጻፈ የለም። እስቲ ሰጥተውት ነበር እንበል፤ ከጀርባው እነሱ ነበሩ እንበል። ቶሎ እጅ የሰጠም እስከ መጨረሻ የተዋጋም እኩል የሚታረድ ከሆነ፣ ማን ቶሎ ይሰጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይለወጥ ነበር?